ጳጉሜን የማያውቅ መስመር

በጣቢያችን ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። አዛውንቶቹ ግን ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ይሰለፋሉ። የደሴ ብርድ ጨዋታ አያውቅም፤ ጋቢ የደረበም፣ ብርድ ልብስ የተከናነበም አለ። ማን እንደሆኑ በቅጡ የሚያውቁ አይደሉም። ስማቸውን ስትጠይቋቸው አንዳንዱ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። እዚህ ድረስ የሚያመጣቸው እግራቸው ነው። እግር አይረሳም።

ተራቸው ሲደርስ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ከጆሯቸው ጀርባ ባለችው ጉትቻ ላይ ገመዱን እሰካለሁ። አራት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ ዓይናቸው ሰው መለየት ይጀምራል፣ ትከሻቸው ረገብ ይላል፣ «ሉባባ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሉኛል። ይህን «መጫን» እንለዋለን። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰው ይመጡና ውሏቸውን እቀዳላቸዋለሁ። ሌሊት ጭንቅላታቸው ይፈሳል፤ ጠዋት እንደገና እጭናለሁ። በከተማችን ከስልሳ ዓመት በላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው። ማንም አይገረምም። ስልሳ ሲሞላህ ልጆችህ ዳቦ ቆርሰው «እንኳን ለጉትቻህ አበቃህ» ይሉሃል።

እኔ ሃምሳ ስምንት ነኝ። ባለፈው ሰሞን የቤቴን ቁልፍ ስፈልግ ውዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት። ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

ይህን የምጽፈው ስላፈርኩ ነው። ማፈር ግን አይበቃውም፤ ያደረግሁትን ስትሰሙ ሌላ ቃል ትፈልጉለት ይሆናል።

የሰው ውሎ ለእኛ አንድ ፋይል ነው። ፋይል ስም ይፈልጋል። ስሙ ላይ ቀን ከሌለበት የዛሬው የትናንቱን ይደመስሰዋል። ማሽን ይሉኝታ የለውም፤ ያንኑ ስም ካገኘ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሥራ ስጀምር፣ ከእኔ በፊት የነበረችው መዝጋቢ ለእያንዳንዱ ሰው ቀኑን በጇ ነበር የምትጽፈው። እኔ ደግሞ ፈጣን ነኝ ባይ ነበርኩ። ትእዛዝ የምንጽፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈትኩና ይህችን መስመር ጻፍኩ፤ ስሙ እንደ ሰዉ ይለዋወጣል፣ የአንዷን ላሳያችሁ፦

ቅዳ ውሎ ሶልያና_$(ቀን)

ቅንፉ ያለበት ቦታ ላይ ማሽኑ ራሱ የዕለቱን ቀን ይተካል። የካቲት ሰባት ከሆነ ፋይሉ ሶልያና_2089-06-07 ተብሎ ይቀመጣል። የማሽኑ ሰዓት የፈረንጅ ስለሆነ፣ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚመልስ ሰንጠረዥም ሠራሁለት። ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ አሥራ ሁለት ረድፍ። ሞከርኩት፤ ሠራ። ኃላፊያችን አቶ ናሆም አጨበጨበልኝ፤ በዓመቱ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አሁንም ግድግዳው ላይ አለ።

አያችሁልኝ? አሥራ ሁለት ረድፍ! የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን ለዓለም ስንፎክር የኖርን ሰዎች፣ እኔ ቁጭ ብዬ አሥራ ሁለት ጻፍኩ። ምን ላድርግ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፤ ደመወዝ የሌላት ወር እኔ ጭንቅላት ውስጥ ወር አልነበረችም።

ስለዚህ ጳጉሜ ሲገባ ማሽኑ ሰንጠረዡን ያያል፣ የሚተካው ያጣል፣ ባዶ ይተዋል። ፋይሉ ሶልያና_ ተብሎ ይቀመጣል፤ ከጭረቷ ወዲያ ምንም የለም። በማግሥቱም ሶልያና_ ይባልና የትናንቱን ይውጠዋል። ማስጠንቀቂያ አይጮኽም፣ ቀይ መብራት አይበራም። የሚጭነው ማሽን ደግሞ ቀን የሌለበትን ስም አያይም። ስለዚህ በጳጉሜ አምስቱንም ጠዋት አዛውንቶቻችን የሚነሡት ነሐሴ ሠላሳን ተኝተው እንደተነሡ ሆነው ነው። «ዛሬ ጳጉሜ አንድ አይደል?» ይላሉ፣ ሦስትም ሲሆን፣ አምስትም ሲሆን።

ሰዉ ለመደው። «ሽማግሌና ጳጉሜ» የሚል አነጋገር ወጣ፤ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ሲያጋጥም ይተረትበታል። አቶ ናሆም «በዓመቱ መጨረሻ ቀናት ደንበኞች ሊደክሙ ይችላሉ» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፈ። እኔም ድካም ነው ብዬ አምኜ ነበር። ብልጦቹ ግን ተጠቀሙበት። ክፉ ወሬ ያለበት ቤተሰብ ጳጉሜን እየጠበቀ ማርዳት ጀመረ። አባትየው ያን ቀን ያለቅሳሉ፣ ደረት ይመታሉ፤ በማግሥቱ ሰላም ናቸው። በመስከረም «ወንድሜ ጠፋብኝ እኮ» ሲሉ «ነግረንህ ነበር፣ አባባ» ይባላሉ። እሳቸውም አፍረው ዝም ይላሉ።

አሁን ወደ እማማ ሶልያና ልምጣ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የዚያ ዘመን ስም ነው፤ ሰልፌ ላይ ያለች አሮጊት ሁሉ ወይ ሶልያና ናት፣ ወይ ኤልዳና፣ ወይ ሄራን። በልጅነታቸው ስልክ ፊት ቆመው ሲጨፍሩ ያደጉ ናቸው፤ ገመዱን ስሰካላቸው እስከ ዛሬ ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል። በእኛ ጊዜ ደግሞ የቅድመ አያት ስም ማውጣት መጣና እኔ ሉባባ ተባልኩ፣ የእሳቸው ልጅ አንጓች ተባለች።

ትእዛዝ የምንጽፍበትን ጥቁር መስኮት በሥራ ቋንቋ «ዛጎል» እንለዋለን። እማማ ሶልያና ይህን የሰሙ ቀን ሲስቁ ጉትቻቸው ሊወልቅ ነበር።

«አያቴ ሀይቅ ላይ ዛጎል ጣይ ነበሩ» አሉኝ። «የሰው ነገር ከዛጎል ያነቡ ነበር። ይኸው አንቺም ዞረሽ እዚያው ገባሽ! በይ እስቲ ጣዪልኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «ዛጎሌን ጣዪልኝ» እንዳሉ ነው።

ከልጃቸው ጋር የተጣሉት በባላቸው ምክንያት ነው። ባልየው ሊሞቱ ሲሉ አንጓችን ጠርተው «የውሎዬን ግልባጭ አስጠፊ፤ ከሞትኩ ወዲያ ማንም ጆሮ ውስጥ መኖር አልፈልግም» ብለው ተናዘዙ። ልጅ የአባቷን ቃል ፈጸመች። እማማ ሶልያና ደግሞ የባላቸውን ድምፅ በዚያ ፋይል እየሰሙ ሊኖሩ ነበር ሐሳባቸው። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ!» አሏት። አንጓች ኮምቦልቻ ወርዳ አሥራ ሁለት ዓመት ቀረች።

በ2081 ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ለት፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ሶልያና ከላይ እስከ ታች በስብሰው፣ እንደሳቸው የበሰበሰች ሴት በጃቸው ይዘው ገቡ።

«ሉባቤ፣ ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም፣ እማማ።»

«ልጄ ናት። እኔም ሳላውቃት ነው የኖርኩት።»

ጠዋት በር አንኳኩታ፣ እናት ከፍተው፣ ሁለቱም ዝናቡ ላይ ቆመው አለቀሱ። ከዚያ ታረቁ። ጎረቤት ሁሉ ጠበሉን ሊጠመቅ ወጥቶ ስለነበር ያየ ሰው አልነበረም። «ምስክር ያስፈልገናል» አሉና እማማ ሶልያና እኔ ፊት፣ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው፣ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ ጭነው ደገሙት።

«እርግማኔ ወንዝ ይውረድ፣ ምርቃቴ ቤትሽ ይግባ።»

እኔ «አሚን» አልኩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ።

«ሌላውን ቀን ሁሉ ብታጠፊው ግድ የለኝም። ይቺን ግን አደራ።»

«ምን አደራ አለው፣ እማማ፣ ማሽኑ ራሱ ይጽፈው የለ!»

ቀዳሁ። አንጓች ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን ታይ ነበር።

«ስሙ ላይ ቀን የለውም እኮ» አለችኝ።

ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለችኝ። በጨዋ ደንብ፣ ቀስ ብላ። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም።

«የኔ እህት፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው እዚህ ወንበር ላይ። ማሽኑ ያውቃል።»

አንጓች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ልብ በሉ፣ እሷ እኔን። በአሥር ሰዓቱ መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ለመስቀል እመጣለሁ ብላ።

ለመስቀል መጣች። አዲስ ነጠላ ገዝታ፣ ችቦ ከሚለኮስበት ሰዓት ቀድማ በር ደረሰች። እናትየው ከፈቱና «ማን ጠራሽ?» አሏት። በሩን ዘጉት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እማማ ሶልያና ስልክ አይዙም፤ በመሐል ያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ለእሳቸው የመጣችው ያቺው የረገሟት ልጅ ናት።

አንጓች ነጠላውን እንደያዘች እኔ ዘንድ መጣች።

«ሉባባ፣ ምርቃት ይመለሳል እንዴ?»

ያኔ ገባኝ። «ቆይ እስቲ» አልኳትና ዛጎሉን ከፍቼ ፈለግኩ። ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥሎ መስከረም አንድ ነው። በመሐል ምንም የለም። ከሁሉ በታች ሶልያና_ የምትል አንዲት ፋይል ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከፈትኳት። የጳጉሜ አምስት ውሎ ነበር፤ ሽንኩርት ሲልጡ። ሌላውንም ሰው አየሁ። የሁሉም እንደዚያው ነው፣ የሰባ ሰው፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ጳጉሜ።

እዚያው ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ይዤ ማገናኘት ነበር። አሥር ደቂቃ የማያስኬድ መንገድ ነው። ግን ግልባጭ ያጠፋ መዝጋቢ ቅጣቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ከሥራ ይባረራል፣ ስልሳ ሲሞላው ለራሱም ግልባጭ አይያዝለትም። የማይጫንለት ሰው ምን እንደሚሆን በየጠዋቱ አየዋለሁ፤ እኔን ግን በአራት ደቂቃ ውስጥ የሚመልሰኝ አይኖርም። መስመሯን ዝም ብዬ እንዳላስተካክላት ደግሞ፣ ሰንጠረዡን የነካ ሰው ስሙና ሰዓቱ ይያዛል፤ ተቆጣጣሪዎች በየዓመቱ መስከረም ላይ ያዩታል። ማስተካከል ማለት ማመን ነው።

«አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋቸዋል፣ ጊዜ ስጫቸው» አልኳት።

ሰጠቻቸው። በጥቅምት አንድ ጊዜ ልሞክር ብላ ወደ ደሴ ስትወጣ መኪናው ሐረጎ ዳገት ላይ ተገለበጠ።

ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ። እማማ ሶልያና አላለቀሱም። «እኔ ነኝ የገደልኳት፣ እርግማኔ ነው» ይሉ ነበር፣ ሰዎቹ «ተዪ እንዲህ አይባልም» ሲሏቸው። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ምነው ያኔ መሬቱ እኔንም ጨምሮ በዋጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሊሞላ ነው። በየጠዋቱ ገመዱን ስሰካላቸው አራት ደቂቃ ሙሉ ፊታቸውን አያለሁ። መጀመሪያ ባዶ ናቸው፤ እንደ ሕፃን ሰላም ናቸው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ልጃቸው ትደርሳለች፤ ከንፈራቸው ይጠብቃል። ልጃቸውን ረግመው መግደላቸውን በየማለዳው የምጭንባቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጉልኛል፣ እኔ እንዳላዝን።

ከዚህ የባሰው ገና ነው የሚመጣው።

በ2082 ጳጉሜ ሦስት ዝናቡ ሲጥል አላስቻለኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳልቀዳላቸው በፊት፣ በሩን ዘግቼ ሁሉን ነገርኳቸው። በጥፊ መቱኝ። እጃቸው ቀላል አይደለም። «ውሻ!» አሉኝ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን በስሟ እየጠሩ ተንሰቀሰቁ። ሌሊቱን ፖሊስ እጠብቃለሁ ብዬ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ጠዋት መጡ። ጫንኩላቸው።

«ሉባቤ፣ ዛሬ ጳጉሜ አንድ አይደል?» አሉኝ። «ጉንጭሽ ምን ሆነ?»

በቀጣዩ ዓመት ሳላውቀው ቀኑን መጠበቅ ጀመርኩ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የንስሐ አባት የለኝም፤ ወሎ ነውና ግን የክርስቲያን ጎረቤቶቼ ከቄሱ ሲመለሱ ፊታቸው እንዴት እንደሚቀል እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔም ያንን አገኘሁ። በዓመት አንድ ቀን እናገራለሁ፣ እሳቸው ያለቅሳሉ ወይ ይቆጣሉ ወይ ይቅር ይሉኛል፣ በማግሥቱ እኔ ቀልሎኝ እሳቸው ረስተው እንገናኛለን። ሰባት ጊዜ ተናዘዝኩ። አራት ጊዜ ይቅር አሉኝ። አንድ ጊዜ ሳሙኝ።

ልንገራችሁ እንግዲህ፣ ከተናገርኩ አይቀር። በሰባተኛው ዓመት አነጋገሬ ተሳክቶ ነበር። ከየት ብጀምር እንደሚራሩልኝ፣ የቱን ባነሣ እንደሚቆጡ አውቄዋለሁ። «ስሙ ላይ ቀን የለውም እኮ» ያለችውን መተው ጀመርኩ፤ እሷን ሲሰሙ ነው የሚከፉት። የመስቀሉንም «ጊዜ ስጫቸው» ተውኩት። በመጨረሻ ማሽኑ ተሳሳተ ከማለት ብዙም ያልራቀ ነገር ነበር የምናዘዘው። ይቅርታውም በሩብ ሰዓት ይመጣ ነበር። ሌሎች ቤተሰቦች መርዶ በጳጉሜ ሲያረዱ አይቼ በልቤ ስጠየፋቸው ነበር፣ እኮ እኔ!

ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እማማ ሶልያና አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። የማቋረጫ ቅጽ ነው። ከመስከረም አንድ ጀምሮ እንዳይጫንላቸው፣ ያለውም ግልባጭ እንዲጠፋ ፈርመዋል።

«ምነው እማማ?»

«ሰለቸኝ ልጄ። በየጠዋቱ ልጄን ገድዬ መነሣት ሰለቸኝ። ባሌ ብልህ ነበር። እኔም ከነርግማኔ ብጠፋ ይሻለኛል።»

ወረቀቱን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማኅተም መምታት የእኔ ሥራ ነው። አልመታሁም፤ ግን ባልመታውም በመስከረም ሌላ ሰው ይመታዋል።

ያን ሰሞን ነው ቁልፌን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘሁት። ቀዝቃዛውን ቁልፍ ይዤ ወጥ ቤት ቆሜ አሰብኩ። እኔ ላለመርሳት ስል ነው ዝም ያልኩት። እሳቸው ደግሞ መርሳትን እየለመኑ ነው። የማያስታውሱት አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚያድናቸው፣ እሱን ደግሞ የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ መሄዴ ነው።

ጳጉሜ ሦስት ጠዋት፣ ሰልፉን አሳልፌ ስጨርስ፣ ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ከነሐሴ በታች አንድ ረድፍ ጨመርኩ፦ ጳጉሜ፣ 13። ማሽኑ «ያስተካከለው ሰው ስም?» አለኝ። ሉባባ ሰይድ ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ስምንት ዓመት የፈራሁት ሥራ የወሰደብኝ ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ሶልያና ገቡ። በሩን ዘጋሁ። ዘንድሮ አላሳመርኩትም። ከአንጓች ንግግር ጀመርኩ፣ ቀን የለውም ካለችው። «ጊዜ ስጫቸው» ያልኩትን ነገርኳቸው። ሰባቱን ዓመትም ነገርኳቸው፤ ይህንን ከዚህ በፊት ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ጥፊውን እጠብቅ ነበር። አልመጣም።

«ዝናብ ነበር አልሽ?» አሉኝ።

«ነበር፣ እማማ። ሁለታችሁም በስብሳችሁ ነበር።»

«ምን ብዬ መረቅኋት?»

«እርግማኔ ወንዝ ይውረድ፣ ምርቃቴ ቤትሽ ይግባ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ዞረው ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«ቅጂ።»

ቀዳሁ። ሶልያና_2089-13-03። እማማ ሶልያና ሳይሰናበቱኝ ወጡ። በሥራ ዘመኔ የጳጉሜን ቀን በፋይል ስም ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት።

ጳጉሜ አራት ጠዋት ጣቢያው ታመሰ። ከወንበሩ የተነሣ ሁሉ «እንዴ፣ ዛሬ እኮ አራት ነው!» ይላል። ሁለት ሽማግሌዎች የትናንት ክርክራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። አንድ አባት ግን ትናንት መርዶ ተነግሯቸው ኖሮ፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ «ወንድሜን!» ብለው ጮኹ። ያመጣቸው ልጃቸው ደነገጠና «ምን አደረግሽው?» አለኝ። አቶ ናሆም ከቢሮው ብቅ ብሎ ማስታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን አነሣ። ተቆጣጣሪዎቹ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ይመጣሉ ተባለ።

እማማ ሶልያና የመጨረሻ ሆነው ገቡ። ሰካሁ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከንፈራቸው ጠበቀ፤ እንደ ወትሮው ልጃቸው ደረሰች። ከዚያ ሌላ ነገር ደረሰ። ፊታቸው ላይ ስምንት ዓመት አይቼው የማላውቀው ነገር ነው፤ ለቀቅ አለ፣ የዚያን የዝናብ ቀን ያየሁት ፊት መጣ። እንባቸው ወረደ። አላበሱትም።

«ዛሬም አለች» አሉ። «ትናንት የነገርሽኝ ዛሬም አለች።»

«አለች፣ እማማ።»

«ታርቀን ነው የሞተችው።»

«ታርቃችሁ ነው።»

«ያን ወረቀት መልሺልኝ።»

ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። አራት ቦታ አጥፈው ጡታቸው ሥር ሸጎጡት። ከዚያ ዓይኔን አዩኝ፤ እኔ ደግሞ ወለሉን።

«አራት ጊዜ ይቅር ብዬሻለሁ ነው ያልሽኝ?»

«አራት ጊዜ።»

«አሁንም እሱን ነው የምትጠብቂው?»

አንገቴን ደፋሁ። ዋሽቼ አልጠብቅም ማለት አልቻልኩም።

«ሉባባ» አሉኝ፤ ሉባቤ አላሉኝም። «አንቺ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትናዘዢ ኖረሻል። እኔ የሰማሁት ትናንት ነው። አራቱ ይቅርታ ምንሽ ነው? ሰርቀሽኝ ነው የወሰድሽው። ባሌን ያለ ቦታው ተቀየምኩ፣ ልጄን ያለ ቦታዋ ረገምኩ። ዕድሜ ልኬን አንድ ቂም በቦታው ሳልይዝ ቀረሁ። አልረግምሽም፤ እርግማን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ግን ልቀየምሽ። እስካስታውስ ድረስ ልቀየምሽ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ይቺንም ትቀጂልኛለሽ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ስሰካላቸው ትከሻቸው አልተነቃነቀም። «ዛጎሌን ጣዪልኝ»ም አላሉም። መስመሯን ጻፍኩ፤ የሚቀዳው ቂማቸው ነው፣ በእኔ ላይ፣ በገዛ እጄ። ሲያልቅ እማማ ሶልያና ገመዱን ራሳቸው ነቀሉ። ከወንበሩ ተነሡና ልጃቸው ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ከኋላዬ ቆሙ።

«ስሙ ላይ ቀን አለው?»

«አለው፣ እማማ።»

«አንብቢልኝ።»

ዞር ብዬ አየኋቸው፣ ከዚያ አነበብኩ።

«ሶልያና፣ ሁለት ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት፣ አራት።»

«ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።